ነባር ጊታሪስቱን ያጣ የሮክ ባንድ ምን ይለወጥበታል?

ጥያቄ፦ አንድ የሮክ ባንድ ለረጅም ዓመታት አብሮት የቆየውን ጊታሪስት ሲያጣ፣ ተተኪው የቀድሞውን አጨዋወት ቢከተል ይሻላል ወይስ የራሱን ድምፅ ይዞ ቢመጣ?

መልስ 1፦ እንደ ጊታሪስቱ ድርሻ ይለያያል። ማልኮም ያንግ በ2014 እ.ኤ.አ. በሕመም ምክንያት ከኤሲ/ዲሲ ሲለይ ቦታውን የወንድሙ ልጅ ስቲቪ ያንግ ተረከበ፤ የባንዱ ኃይል በማልኮም ጽኑ የሪትም ጊታር (የዘፈኑን ምት በሚይዘው አጨዋወት) ላይ የቆመ ስለነበር፣ ያንን አጨዋወት መጠበቃቸው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

መልስ 2፦ እኔ ለውጡን እመርጣለሁ። በ1969 እ.ኤ.አ. ብራያን ጆንስን የተካው ሚክ ቴይለር ለሮሊንግ ስቶንስ ዜማ የሞላባቸውን ረጃጅም ሶሎዎች (ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚወጣባቸውን ክፍሎች) ሰጥቷል። ሆኖም ሲታርንና (የሕንድ ባለ ክር መሣሪያ) ማሪምባን (በዱላ የሚመታ የእንጨት መሣሪያ) ወደ ባንዱ ሥራዎች ያመጣው ጆንስ ነበርና፣ ያ ቀለም አብሮት መሄዱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ፤ ሁለቱንም ዘመን በድጋሚ አዳምጣለሁ።