የድምፅ ድራይቨር ፓች፦ ለሁለተኛው እትም የጋራ ዕቅድ

አስተባባሪ፦ ለሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) በላክነው የድራይቨር ፓች (የኮድ ለውጥ) ላይ የገምጋሚዎቹ አስተያየት ሲጨመቅ ሦስት ነው፤ ፓቹ የማይገናኙ ሥራዎችን አጭቋል፣ ትሪገሩ (ድምፁን የሚያስጀምረውና የሚያቆመው ጥሪ) ሎክ (ሌላው እንዳይገባ የሚዘጋ ቁልፍ) ተይዞ ሳለ ስሊፕ ያደርጋል (ተኝቶ ይጠብቃል)፣ አዲሱ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ የሚመልሰው ዋጋ ተሳስቷል። አከፋፈሉን ዛሬ እንቁረጥ።

ኮድ ጸሐፊ፦ ለሦስት ይከፈል። መጀመሪያ የፖይንተሩ (ድምፁ በባፈሩ፣ በማቆያ ማህደረ ትውስታው፣ የት እንደደረሰ የሚናገረው ጥሪ) ስህተት፤ ይህ ከእኛ ፓች በፊትም የነበረ ነው። አልሳ (የሊኑክስ የድምፅ ሥርዓት) ቦታውን በፍሬም (ከየቻናሉ አንድ አንድ ናሙና) ይጠብቃል፣ ድራይቨሩ በባይት ይመልሳል። በ16 ቢት ስቴሪዮ አንድ ፍሬም 4 ባይት ስለሆነ፣ ገና የባፈሩ ሩብ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ከባፈሩ መጠን እኩል ይሆናል፤ ከርነሉም የተሳሳተ ቦታ ነው ብሎ ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። ለቆዩ ከርነሎችም እንዲደርስ ስህተቱን ያመጣው ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) መለያ፣ የመጀመሪያዎቹ 12 ምልክቶች፣ በፊክስስ መስመር ይጻፍ፤ የሲሲ ስቴብል መስመርም ይጨመር።

ሞካሪ፦ ትሪገሩስ? ቺፑ የሚታዘዘው በአይ ስኩዌርድ ሲ (ዝግ ያለ የቺፕ መገናኛ መስመር) ስለሆነ መጠበቅ የግድ ነው። ወደ ወርክኪው (ቆይቶ የሚሠራ የሥራ ወረፋ) እናውጣው?

ኮድ ጸሐፊ፦ አልደግፍም። ትሪገሩ ተሳክቷል ብሎ ከተመለሰ በኋላ ቺፑ እምቢ ቢል ስህተቱን የሚቀበል የለም። ፒሲኤሙን (የድምፅ ዳታ መተላለፊያውን) ኖንአቶሚክ ካደረግነው የስትሪሙ ሎክ ሚውቴክስ (ተኝቶ መጠበቅ የሚቻልበት ሎክ) ይሆናል፣ ስሊፕም ይፈቀዳል። ግን የፔሬድ (የባፈሩ አንድ ክፍል) ማለቅን የሚያሳውቀው ጥሪ ስሊፕ ከማይፈቀድበት ሃርድ ኢንተራፕት ወጥቶ ወደ ትሬድድ ኢንተራፕት (በራሱ ትሬድ ወደሚሠራው) መዛወር አለበት። የራሳችንን ሎክ ይዘንም አንጥራው፤ ጥሪው ፖይንተሩን መልሶ ስለሚጠራ፣ ፖይንተሩ ያንኑ ሎክ ሲጠይቅ ሁሉም ባለበት ይቆማል።

ሞካሪ፦ እንግዲያው ትንሹ ፔሬድ ከፍ ይበል። በ48 ኪሎኸርዝ 64 ፍሬም 1.33 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ትሬዱ ትንሽ ቢዘገይ ድምፁ ይቆራረጣል። 256 ፍሬም 5.33 ይሰጣል።

አስተባባሪ፦ ልኬት ከሌለው «256 ከየት መጣ?» መባሉ አይቀርም። 64፣ 128 እና 256 ይሞከሩና ውጤቱ ኮሚት መልእክቱ ውስጥ ይግባ።

ኮድ ጸሐፊ፦ ሦስተኛው መቆጣጠሪያው ነው። ዋጋው ከተቀየረ 1፣ ካልተቀየረ 0 ይመልስ፤ ሁልጊዜ 0 ከሆነ ሌሎች ሚክሰሮች (የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራሞች) ለውጡን አይሰሙም። እርማቱ በሪቤዝ (ኮሚቶችን እንደገና በማደራጀት) እዚያው ፓች ውስጥ ይዋሃድ። «የግምገማ እርማት» የሚባል አራተኛ ፓች ማየት የሚወድ ሜንቴነር (ፓች የሚቀበል የኮዱ ኃላፊ) የለም።

ሞካሪ፦ ይህን የከርነሉ የአልሳ ሚክሰር ሙከራ ይይዘዋል። ሎክዴፕን (የሎክ አያያዝ መርማሪውን) እና ባልተፈቀደ ቦታ ስሊፕን የሚይዘውን የአቶሚክ ስሊፕ መመርመሪያ አብርቼ፣ እያንዳንዱ ፓች ለብቻው ኮምፓይል መሆኑንም አያለሁ።

አስተባባሪ፦ ከመጀመሪያው እትም ወዲህ የተለወጠው ዝርዝር ከኮሚት መልእክቱ ቀጥሎ ከሚመጡት ሦስት ሰረዞች (---) በታች ይሁን፤ ኮሚት ታሪክ ውስጥ አይገባም። የትሪገሩ ፓች በብዙ ስለተቀየረ የቀድሞውን የገምጋሚ ይሁንታ መስመር አንሸከምበት።