«ለምን» የሚለው ኋላ ይደርሳል? የቬዲክ ሂሳብ ክርክር

መምህር ነኝ፦ ዛሬ ቬዲክ ሂሳብ ስለሚባለው የፈጣን ስሌት ዘዴ አንድ ቪዲዮ አይቼ ተናደድኩ። «ትምህርት ቤት የተማራችሁት ማባዛት ጊዜ ማባከን ነበር» ይላል። ከዚያ 97ን በ96 በቃሉ ያባዛል። ለመቶ አንዱ 3፣ ሌላው 4 ይጎድለዋል። ከ97 ላይ 4 ሲቀነስ 93፤ 3 ጊዜ 4 ደግሞ 12። መልሱ 9312። ልክ ነው። ለምን ልክ እንደሆነ ግን ትንፍሽ አላለም።

የቁጥር ወዳጅ፦ ይሄ ምኑ ያናድዳል? ልጅ መጀመሪያ ይፍጠን፣ ይደሰት። «ለምን» የሚለው ኋላ ይደርሳል። እኔ ቁጥር ሳይ ላብ ያሰምጠኝ ነበር። 65 ጊዜ 65 ስንት ነው? 6ን በቀጣዩ በ7 አባዛ፣ 42። ከኋላው 25 ጻፍ፣ 4225። ሂሳብን የወደድኩት ያን ቀን ነው።

የተማሪ እናት፦ «ኋላ» መቼ ነው ወንድሜ? ልጄ ይህን ዘዴ ከተማረች ወር አልፏታል። ትናንት 98 ጊዜ 97 አልኳት። 95 ጻፈች፣ አጠገቡ 6 አደረገች። 956! እርሳሷን አስቀምጣ «ጨረስኩ» አለችኝ። «ሁለቱም መቶ ሊሞሉ ትንሽ ነው የቀራቸው፤ ብዜታቸው እንዴት ሺህ እንኳ አይሞላም?» ስላት ዝም አለች። መልሱ 9506 ነው። ዜሮዋ የለችም።

የቁጥር ወዳጅ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ የአስተማሪዋ ነው። መነሻው መቶ ከሆነ በስተቀኝ ሁለት አሃዝ ይቀመጣል። ሕጉ ግልጽ ነው።

መምህር ነኝ፦ ሁለት አሃዝ ለምን? «ኋላ ይደርሳል» ያልከው እኮ ይሄ ነው። 98 ማለት መቶ ሲቀነስ 2፣ 97 ማለት መቶ ሲቀነስ 3 ነው። መቶ ጊዜ መቶ 10000። ከዚያ ላይ 200 እና 300 ይነሳል፣ 6 ይጨመራል። 95 የተባለው 95 መቶ ነው። ይህን የገባው ልጅ ዜሮዋን አይረሳም። ለማስረዳት ደግሞ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ታሪክ ይጣራ፦ ስሙም ይነሳ እንጂ። የዘዴው መሠረት የሆኑትን 16 ሱትራዎች፣ ማለትም አጫጭር ሕጎች፣ ያቀረቡት በህንድ የፑሪ ሻንካራቻርያ (የሂንዱ ሃይማኖት መሪ) የነበሩት ብሃራቲ ክርሽና ቲርታ ናቸው። መጽሐፋቸው የታተመው ካረፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ሱትራዎቹ ቬዳ ከሚባሉት ጥንታዊ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ከሆነው ከአታርቫ ቬዳ ጋር የተያያዙ ናቸው ተባለ፤ «ቬዲክ» የተባለውም ለዚህ ነው፤ በሚታወቁት ቅጂዎች ውስጥ ግን አልተገኙም። ህንዳዊው የሂሳብ ሊቅ ኤስ ጂ ዳኒ ራሳቸው ይህን አጥብቀው ተችተዋል።

የቁጥር ወዳጅ፦ እንግዲህ የህንድን ጥንታዊ እውቀት ማንቋሸሽ ተጀመረ።

ታሪክ ይጣራ፦ ማንም አላንቋሸሸም። የጥንቱ ህንዳዊ የሂሳብ ሊቅ ብራህማጉፕታ እ.ኤ.አ. በ628 የዜሮን የስሌት ሕግ ጽፎ አስቀምጧል። ይህን የሚያህል ቅርስ ያለው አገር የ20ኛው ክፍለ ዘመን ዘዴ በሺህ ዓመታት ማስረጀት አያስፈልገውም። ክብሩን የሚነካው እንዲያውም እሱ ነው።

ተፈታኝ፦ እናንተ ስለ ስም ትጣላላችሁ፣ እኔ ፈተና አለብኝ። ካልኩሌተር አይፈቀድም። 23 ጊዜ 14ን አሃዞቹን በመስቀለኛ በማባዛት እሠራለሁ፦ 2 ጊዜ 1፣ 2። 2 ጊዜ 4 እና 3 ጊዜ 1 ሲደመር 11። 3 ጊዜ 4፣ 12። ማለትም 200፣ 110 እና 12፤ 322። ወረቀት አልነካሁም።

መምህር ነኝ፦ ጎበዝ! ግን ልብ በል፣ ይሄ ያው የትምህርት ቤቱ ማባዛት ነው። ቅደም ተከተሉ ብቻ ተቀየረ። ጊዜ ማባከን የተባለው እሱ ነው እንግዲህ። የመቶውን ዘዴ ደግሞ በ43 ጊዜ 38 ሞክረው። ጉድለቱ 57 እና 62 ነው። እነሱን ማባዛት ከዋናው ጥያቄ ይብሳል። ለምን እንደሚሠራ የገባው ሰው መቼ እንደማይጠቅምም ያውቃል።

የቁጥር ወዳጅ፦ 65 ጊዜ 65ን ከኔ የሚነጥቀኝ የለም። ያን ቀን «ለምን» ብትሉኝ ኖሮ ደብተሬን ዘግቼ እሄድ ነበር።

የተማሪ እናት፦ መምህር፣ ያስረዱትን ማታ ለልጄ ነገርኳት። 998 ጊዜ 997 ሰጠኋት። 995 ጻፈችና ቆመች። «እዚህ ጋ ሦስት ቦታ ነው አይደል?» አለችኝ። 995006።

የቁጥር ወዳጅ፦ ይኸው! ዘዴው ነው እዚህ ያደረሳት።

መምህር ነኝ፦ ወር ሙሉ ዘዴው ነበራት። ትናንት 956 ነው የጻፈችው።