የሆኩሳይን «ታላቁ ማዕበል» ለኤግዚቢሽን ሳጸዳ ሰማዩ ተበላሸ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1831 አካባቢ በእንጨት ሰሌዳ የታተመውን የጃፓናዊውን ሰዓሊ የሆኩሳይን «ታላቁ ማዕበል» 3 ሜትር ስፋት ላለው የኤግዚቢሽን ግድግዳ እያዘጋጀሁ ነው። ፋይሉ በ600 ፒፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ፒክስል) ስካን የተደረገ ጄፔግ (የታመቀ የምስል ፋይል) ነው። የወረቀቱን ቢጫነት በኦቶ ከለር (ቀለሙን በራሱ በሚያስተካክለው የፎቶ ማረሚያ ትዕዛዝ) ሳነሳው ሰማዩ ሰማያዊ ሆነ፤ ከፉጂ ተራራ ጀርባ ያለው ግራጫ ደግሞ እንደ ደረጃ ተቆራረጠ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ቡናማ ነጠብጣቦቹንስ በምን ላጥፋቸው?

መልስ 1
ወንድሜ፣ ኦቶ ከለርን ተወው። ወረቀቱን ነጭ ለማድረግ ሲል ቢጫውን ከምስሉ ሁሉ ይነቅላል፤ የቀረው ወደ ሰማያዊ ያጋድላል። ዋሺ የሚባለው የጃፓን ወረቀት ከተክል ልጥ ስለሚሠራ ገና አዲስ ሳለም ድፍን ነጭ አይደለም። ስካን ሲደረግ አጠገቡ የቀለም መለኪያ ካርድ ከነበረ ሚዛኑን ከካርዱ ግራጫ ውሰድ። ከሌለ በከርቭስ ሌየር (ከምስሉ በላይ ተቀምጦ ብርሃንና ቀለሙን በሚያስተካክል ንብርብር) ቢጫውን በጥቂቱ አርግብና ክሬም መልኩ ሳይጠፋ አቁም።

መቆራረጡ የመጣው ከ8 ቢት ነው። ያ ግራጫ ቦካሺ ይባላል፤ አታሚው እርጥብ ሰሌዳ ላይ ቀለሙን በብሩሽ እያሳሳ ስለሚያወርደው ድንበር የለውም። በ8 ቢት ግን ለእያንዳንዱ ቻናል (ለቀዩ፣ ለአረንጓዴውና ለሰማያዊው) ያለህ 256 እርከን ብቻ ስለሆነ ከርቭስ ሲወጥረው መሃሉ ይከፈታል። ባለ 16 ቢት ቲፍ (ብዙ የቀለም እርከን የሚይዝ ፋይል) ለማግኘት የተቻለህን አድርግ። ካጣህ ጄፔጉን ወደ 16 ቢት ቀይረህ ሥራ፤ የጠፋውን አይመልስም፣ ተጨማሪ ጉዳት ግን ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ ግራጫው ላይ ከ1 እስከ 2 በመቶ ኖይዝ (ደቃቅ ነጠብጣብ) ነስንስበት። በግራዲየንት ቱል (ቀለም በራሱ በሚያሳሳ መሣሪያ) ግን በፍጹም አትተካው፤ የአታሚው እጅ ያለው እዚያ ነው።

መልስ 2
ነጠብጣቡን ከመንካትህ በፊት የዚሁ ስዕል ሌላ ቅጂ ከጎኑ ክፈት። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየምም የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየምም አላቸው። በሁለቱም ቅጂ አንድ ቦታ ላይ የሚታይ ምልክት ከማተሚያው የእንጨት ሰሌዳ የመጣ ነው፣ አይነካም። በአንዱ ብቻ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የወረቀቱ እድፍ ነው። በርዕሱ ሳጥን መስመር ላይ ያለው ስብራትም የሰሌዳው ማርጀት ስለሆነ እንዳትሞላው። እድፉን በባዶ ሌየር ላይ በሂሊንግ ብራሽ (እድፉን በዙሪያው ባለው ወረቀት መልክ በሚሸፍን መሣሪያ)፣ ከነጠብጣቡ ትንሽ ሰፋ ባለ ብሩሽ፣ ምስሉን 100 በመቶ አጉልተህ አንሳ። ኖይዝ ሪዳክሽን (ምስሉን የሚያለሰልስ ማጣሪያ) ከተጠቀምክ የወረቀቱ ጭረት ሁሉ ይሄዳል፤ ስዕሉ ፕላስቲክ ይመስላል።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። በደንብ በተጠበቁ ቅጂዎች ሰማዩ ላይ ሮዝ ደመና አይቻለሁ። ልመልሰው?

መልስ 3
በሌላ ሌየር ሥራውና እንደ ግምት ለብቻው አሳየው፤ ያልተነካው ምስል በእውነተኛ መጠኑ ከጎኑ ይሰቀል። ጎብኚው የቱ የሆኩሳይ ዘመን፣ የቱ የእኛ እጅ እንደሆነ የማወቅ መብት አለው።

ስለ መጠኑ፦ ስዕሉ ወደ 39 ሳንቲሜትር ስለሚሰፋ በ600 ፒፒአይ 9,200 ፒክስል ገደማ ነው። 3 ሜትር ላይ ሲዘረጋ 78 ፒፒአይ ይሆናል። ከ2 ሜትር ርቆ ለሚያይ ይበቃል፤ ተጠግተው የሚያዩት ከሆነ በ1200 ስካን ይደረግልህ። በኤአይ ማጉላት የማዕበሉን ጥፍር መሰል አረፋዎች እንደ አዲስ ስለሚስላቸው ይቅርብህ። ማት (የማያብረቀርቅ) ወረቀት ላይ ጥልቁ ሰማያዊ ወደ ጥቁር ይታፈናል፤ 30 ሳንቲሜትር ቁራጭ በሙሉ መጠን አሳትመህ በአዳራሹ መብራት ስር እየው።