ለቦዬ ረግረግ የወፍ ቆጠራ በአነስተኛ ዋጋ የሚገዛ ስኮፕ፦ ምን ታይቶ ይመረጥ?

ጥያቄ (የባዮሎጂ መምህርት፣ ጅማ)

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የተፈጥሮ ክበቡንም የምመራው እኔ ነኝ። የክበቡ ተማሪዎች በቦዬ ረግረግ የሚውሉትን ጥቁር ባለ ዘውድ ክሬኖችና ሌሎች የውኃ ወፎች በየወሩ እየቆጠሩ እንዲመዘግቡ እፈልጋለሁ። ክሬኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ከተጋለጡ ወፎች መካከል ስለሚቆጠር፣ ልጆቹ በደጃቸው ያለውን ሀብት በቁጥር እንዲያውቁት ማድረግ ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ያለን መሣሪያ አንድ 8×42 (8 ጊዜ የሚያጎላ) ባይኖኩላር ብቻ ነው። ወፎቹ ወደ ረግረጉ መሀል ሲገቡ እኛ ከምንቆምበት ደረቅ መሬት ከ400 እስከ 500 ሜትር ይርቃሉ። በዚያ ርቀት መኖራቸውን እናያለን እንጂ ለጋውን ከአዋቂው መለየት አንችልም። ስለዚህ ስኮፕ፣ ማለትም ባለ ሦስት እግር መቆሚያ (ትራይፖድ) ላይ ቆሞ በአንድ ዐይን የሚታይበት የሩቅ ማሳያ፣ ልንገዛ አስበናል። ወላጆች ያዋጡት ገንዘብ 200 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ ዕቃውን ከውጭ ይዞልን የሚመጣ ዘመድም አለ። ይሁን እንጂ አንዱ ሻጭ «60 ጊዜ ያጎላል» ሲል ሌላው «300 ጊዜ» ስለሚል የትኛውን ቁጥር ማመን እንዳለብኝ ግራ ገብቶኛል። ዘመዴም የጠመንጃ ስኮፕ በቅናሽ እንደሚገኝ ነግሮኝ፣ ለእኛ ሥራ ይሆን እንደሆነ ጠይቆኛል። ዕቃውን በእጃችን ይዘን እንዴት እንደምንፈትነው ብታስረዱኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ (የወፍ አስጎብኚ)

መምህርት፣ በመጀመሪያ ሐሳብዎ በጣም የሚደገፍ ነው። 300 ጊዜ ያጎላል የተባለውን ዕቃ ግን ከወዲሁ ይተዉት። ምን ያህል ማጉላት እንደሚያዋጣ የሚወስነው የፊት ሌንሱ ስፋት ነው። በስኮፕ ላይ «20-60×80» ተብሎ ሲጻፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ማጉላት፣ የመጨረሻው ደግሞ የፊት ሌንሱን ስፋት በሚሊ ሜትር ያመለክታሉ። የሌንሱን ስፋት ለማጉላቱ ሲያካፍሉት ወደ ዐይን የሚደርሰውን የብርሃን ክብ ስፋት ያገኛሉ። 80 ለ20 ሲካፈል 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በቀን ብርሃን የዐይናችን ብሌን የሚከፈተው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ይህ በቂ ነው። በ60 ማጉላት ግን ክቡ ወደ 1.3 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ምስሉም ይጨልማል። የፊት ሌንሱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ዕቃ በእርግጥ 300 ጊዜ ቢያጎላ ክቡ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። በዚያ ምንም ነገር አይታይም፤ ቁጥሩ የተጻፈው ለመሸጥ ብቻ ነው።

ለእርስዎ ሥራ ከ20 እስከ 35 ያለው ማጉላት ይበቃል። 500 ሜትር ላይ የቆመ ክሬን በ20 ማጉላት ሲታይ 25 ሜትር ላይ ያለ ያህል ነው፤ በ30 ሲሆን ደግሞ 17 ሜትር ገደማ። ቁመቱ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ወፍ በዚህ ርቀት ዘውዱና ጉንጩ በደንብ ሊታይ ይገባል። ጉንጩ ከላይ ነጭ፣ ከታች ቀይ ስለሆነ ለሌንሱ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ሁለቱ ቀለሞች ተቀላቅለው ሮዝ ከመሰሉ ወይም ድንበራቸው ከጠፋ ሌንሱ ደካማ ነው። ለጋዎቹ ዘውዳቸው አጭር፣ ላባቸውም ወደ ቡናማ ያደላ ስለሆነ ልጆቹ ከአዋቂው የሚለዩአቸው በዚሁ ነው።

በተባለው ዋጋ ጥሩ ምርጫ የሚሆነው 80 ሚሊ ሜትር የፊት ሌንስ፣ ቢኤኬ4 የተባለ የፕሪዝም (የተገለበጠውን ምስል የሚያቀናው ክፍል) መስታወት እና በሁሉም የሌንስ ገጾች ላይ ድርብርብ ልባጥ (ነጸብራቅን የሚቀንስ ስስ ሽፋን) ያለው ስኮፕ ነው። ልባጥ የሌለው መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል፤ በስኮፕ ውስጥ ብዙ ሌንስ ስላለ የሚባክነው ብርሃን ተደምሮ ከባድ ይሆናል። ስለዚህ «የተለበጠ» ከሚለው ቃል ይልቅ «ሁሉም ገጽ በድርብርብ የተለበጠ» የሚለውን ይፈልጉ። እንደ ሴለስትሮን አልቲማ 80 ያሉት በዚህ የዋጋ መደብ ውስጥ ይታወቃሉ፤ ከእነሱ የላቀ የመስታወት ጥራት ያላቸው ዋጋቸው ብዙ እጥፍ ነው።

የዐይን ሌንሱ በ45 ዲግሪ ያዘነበለውን እመርጥልዎታለሁ። ቁመታቸው የተለያየ ተማሪዎች ሲፈራረቁ ስኮፑን ለአጭሩ ልጅ አስተካክለው ካቆሙት ረጅሙ ጎንበስ ብሎ ያያል። በቀጥተኛው ስኮፕ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ ትራይፖዱን ከፍና ዝቅ ማድረግ ሊኖርብዎ ነው።

መልስ (የቡና ነጋዴ፣ የፎቶግራፍ ወዳጅ)

እኔ ስኮፕ ይገዛ በሚለው አልስማማም። ስኮፑን የሚያየው በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ስለሆነ ቀሪዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ። በዚሁ ገንዘብ ሁለት 10×42 ባይኖኩላሮች ቢገዙ ብዙ ልጆች ይሳተፋሉ ብዬ አስባለሁ።

መልስ (የወፍ አስጎብኚ)

ወንድሜ ያሉት ለጉብኝት ትክክል ነው፤ መምህርቷ የጠየቁት ግን በ500 ሜትር ላይ ለጋን ከአዋቂ ስለ መለየት ነው። በ10 ማጉላት ክሬኑ 50 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይታያል። በእጅ የተያዘ ባይኖኩላር ደግሞ ስለሚንቀጠቀጥ ትንንሽ ዝርዝሮች ይጠፋሉ። ያላቸውን 8×42 ለፍለጋ፣ ስኮፑን ለመለየት ቢጠቀሙበት ይሻላል፤ አንዱ ልጅ እያየ ሲጠራ ሌላው ይመዘግባል።

መልስ (በውጭ አገር የዒላማ ተኩስ ስፖርት ሲወዳደር የኖረ)

የጠመንጃውን ስኮፕ በተመለከተ የተጠየቀው በሙያዬ ስለሆነ ልመልስ። አይሆንዎትም፤ ምክንያቶቹም ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የጠመንጃ ስኮፕ ዐይንን ከጠመንጃው ምት ለመጠበቅ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ እንዲታይ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ፣ ልጆች ዐይናቸውን ትክክለኛው ቦታ ላይ ለማድረግ ይቸገራሉ። ሁለተኛ፣ ከስኮፑ ዋጋ የተወሰነውን ድርሻ የሚይዘው ማነጣጠሪያውን በጥቂቱ የሚያንቀሳቅሰው ቁልፍ ነው። በብዙዎቹ ላይ የቁልፉ አንድ እርምጃ በ100 ሜትር ርቀት 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያዛውራል፤ ለእርስዎ ይህ ምንም አይጠቅምም፣ ለማይጠቀሙበት ነገር ይከፍላሉ። ሦስተኛው ከሁለቱም ይከብዳል። በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስላለ፣ በጠመንጃ ላይ የሚገጠም ማንኛውንም ነገር ሳይጠይቁና ሳያስፈቅዱ በሻንጣ ማስገባት ዘመድዎን ችግር ላይ ሊጥለው ይችላል።

እኛ ተኳሾች ግን ከእርስዎ ጋር የምንጋራው ዕቃ አለ፤ የተመታውን ቦታ የምናየው በዚያው በስፖቲንግ ስኮፕ ነው። የ.22 ጥይት የሚከፍተው ቀዳዳ 5.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ያንን ቀዳዳ በ100 ሜትር ላይ ጥርት አድርጎ የማያሳይ ስኮፕ አንይዝም። ይህንኑ ፈተና እርስዎም ያለ ጠመንጃ ሊያደርጉት ይችላሉ። በነጭ ወረቀት ላይ ውፍረታቸው 0.5፣ 1፣ 1.5 እና 2 ሚሊ ሜትር የሆኑ ጥቁር መስመሮችን፣ በመካከላቸውም የዚያኑ ያህል ነጭ ክፍተት እየተዉ፣ ጥንድ ጥንድ አድርገው ይሥሩ። ወረቀቱን በ100 ሜትር ላይ ግድግዳ ላይ ይለጥፉትና በማለዳ ይመልከቱት። በ20 ማጉላት ጀምረው ቀስ እያሉ ከፍ ሲያደርጉ፣ ምስሉ እየተለቀ ግን አዲስ መስመር መለየት የሚያቆምበት ቦታ ይደርሳሉ። የዚያ ስኮፕ እውነተኛ ከፍተኛ ማጉላት ያ ነው፤ ከዚያ በላይ የተጻፈው ቁጥር አይጠቅምዎትም። በርካሽ ስኮፖች ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ 40 ሳይደርስ ያጋጥማል።

ትራይፖዱን ከልብ ያስቡበት። ከስኮፑ ጋር በነፃ የሚሰጠው አጭር የጠረጴዛ መቆሚያ በ30 ማጉላት ላይ በጣት ሲነካ እንኳ ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል፤ የእጁ ንቅናቄ ሠላሳ ጊዜ ተባዝቶ ነውና የሚታየው። ከ200 ዶላሩ ውስጥ 50 ያህሉን ለትራይፖዱ ቢተዉለትና በቀሪው ስኮፑን ቢገዙ፣ ሁሉንም ለስኮፑ ካወጡበት የተሻለ ያያሉ። ነፋስ ሲኖር የመሀሉን ምሰሶ ሳይስቡ እግሮቹን ዘርግተው፣ ከመሀሉ ላይ አሸዋ የሞላበት ቦርሳ ያንጠልጥሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፀሐይ ከፍ ስትል ከመሬትና ከውኃ የሚነሣው የሞቀ አየር ምስሉን ያንቦጫርቀዋል። ይህ የስኮፕ ጉድለት አይደለም፤ በውድ ስኮፕም አይጠፋም፤ ማጉላቱን ሲጨምሩት ደግሞ ይብሳል። ስኮፕ የሚፈተነውም ወፍ የሚቆጠረውም በማለዳ መሆን አለበት።

ጥያቄ (መምህርቷ)

ሁላችሁም በዝርዝር ስለመለሳችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጠመንጃውን ነገር ትቼዋለሁ፤ ለዘመዴም ነግሬዋለሁ። አሁን ደግሞ መርካቶ አካባቢ አንድ ሰው ያገለገለ 20-60×60 ስኮፕ በግማሽ ዋጋ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። የፊት ሌንሱ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ሩቢ ደማቅ ቀይ ያብለጨልጫል፤ ሻጩም ይህ የጥራት ምልክት ነው ይላል። ስመለከትበት ነጭ ግድግዳ ወደ አረንጓዴ ያደላ መሰለኝ። ልግዛው?

መልስ (የካሜራና የመነጽር ጠጋኝ፣ ሂርማታ)

መምህርት፣ አይግዙት። ያዩት አረንጓዴነት ራሱ መልሱ ነው። ቀዩ ልባጥ ቀይ ብርሃንን ወደ ውጭ ስለሚመልስ ወደ ዐይንዎ የሚደርሰው ቀይ የጎደለው ምስል ነው። የክሬኑን ቀይ ጉንጭ ለማየት የተነሣ ሰው ቀዩን የሚመልስ ሌንስ ለምን ይገዛል? ጥሩ ድርብርብ ልባጥ በማዕዘን ሲታይ የሚያንጸባርቀው ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ነው፤ ሌንሱም ጠቆር ብሎ የሌለ እስኪመስል ድረስ ወደ ውስጥ ያሳያል።

ሌላ ያገለገለ ስኮፕ ቢያጋጥምዎ እንዲህ አድርገው ይመርምሩት። በጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክዎን መብራት ከፊት ሌንሱ በኩል አስገብተው ከዐይን ሌንሱ በኩል ይመልከቱ፤ ከዚያም ይገልብጡት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀጫጭን ክሮች ካዩ ሻጋታ ነው። በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ በሚወርድበት በእኛ ጅማ እኔ ዘንድ ከሚመጡት ሌንሶች የብዙዎቹ ችግር ይኸው ነው። ሻጋታው የሌንሱን ልባጥ ከበላው ቢጸዳም ጠባሳው አይለቅም። በውስጡ ጭጋግ የያዘ ከሆነ ደግሞ ጭጋግ እንዳይይዘው የተሞላበት ናይትሮጅን ወጥቶ እርጥበት ገብቶታል ማለት ነው።

ቀጥሎ ወደ ደጅ ይውጡ። ጥርት ባለ ቀን ከጅሬን ኮረብታ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ ሆነው የከተማውን ቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ ይመልከቱ። ነጭ አዲስ ቆርቆሮ ከጥቁር ዛፍ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ወፍራም ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ጥላ ከታየ ሌንሱ ቀለማትን በአንድ ቦታ አያገናኝም። በዚህ ዋጋ ትንሽ ጥላ መታየቱ አይቀርም፤ በ20 ማጉላት መሀል ላይ እንኳ ከታየ ግን ይመልሱት። ማታ ደግሞ አንድ ደማቅ ኮከብ ወደ መሀል ያምጡ። ፎከሱ ሲስተካከል ኮከቡ ነጥብ መሆን አለበት። ጅራት ካወጣ ወይም ወደ አንድ ጎን ከተዘረጋ ሌንሱ ወይም ፕሪዝሙ ከቦታው ተንቀሳቅሷል፤ ይህ ደግሞ በእጅ የሚጠገን አይደለም። ማጉያውን ከ20 እስከ 60 ሲያዞሩት ፎከሱ ብዙ የሚዛነፍ ወይም ቀለበቱ የሚንገዳገድ ከሆነም አይውሰዱት። መነጽር የሚያደርጉ ተማሪዎች ካሉዎት፣ መነጽራቸውን ሳያወልቁ ሙሉውን ክብ ማየት መቻላቸውን ይፈትሹ፤ ለዚህ ከዐይን ሌንሱ እስከ ዐይን ያለው ርቀት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ሊሆን ይገባል።

መልስ (የጉዞ ወኪል ሠራተኛ)

ባይኖኩላርና ስኮፕ በአየር ማረፊያ ላይ ጥያቄ ሊያስነሡ ይችላሉ። ዘመድዎ ከመነሣታቸው በፊት ትምህርት ቤቱ የዕቃውን ዓይነት፣ ብዛትና ዓላማ የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይጻፍላቸው፤ ጉምሩክንም አስቀድመው ይጠይቁ። የግዢ ደረሰኙንም በእጃቸው ይያዙ።

ጥያቄ (መምህርቷ)

ደብዳቤውን ርእሰ መምህሩ እንዲጽፉልን እጠይቃለሁ። ያገለገለውን ትቼ አዲስ ባለ 80 ሚሊ ሜትሩን ለማስመጣት፣ ትራይፖዱንም ለይቼ ለመግዛት ወስኛለሁ። ዓለም አቀፉ የውኃ ወፎች ቆጠራ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ፣ በእኛ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጥር ስለሚካሄድ፣ ልጆቹ እስከዚያ እንዲለማመዱ እፈልጋለሁ። የመጨረሻ ጥያቄዬ የሚቀመጥበትን ሁኔታ ይመለከታል፤ የትምህርት ቤታችን መጋዘን በክረምት ግድግዳው ሁሉ ይረጥባል።

መልስ (የካሜራና የመነጽር ጠጋኝ፣ ሂርማታ)

መጋዘን ውስጥ አያስቀምጡት። ክዳኑ በጎማ በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ይግዙና ስኮፑን ከጨርቅ ቦርሳው አውጥተው በዚያ ያስቀምጡት፤ ቦርሳው እርጥበት ይይዛል። ውስጡ ቀለሙን የሚቀይር የሲሊካ ጄል ፍሬ ይጨምሩ። ሰማያዊው ዓይነት እርጥበት ሲጠግብ ወደ ሮዝ ይለወጣል። ያን ጊዜ ለምግብ በማይውል ብረት ምጣድ ላይ በዝግታ አሙቀው ሰማያዊነቱ ሲመለስ እንደገና ይጠቀሙበት፤ ሰማያዊው ኮባልት ስላለበት በእንጀራ ምጣድ ላይ እንዳይደረግ ለልጆቹም ይንገሩ። ከረግረጉ ሲመለሱ ስኮፑ ጤዛ ይዞ ከሆነ ወዲያው አይዝጉበት፤ ክፍል ውስጥ ክዳኑን ከፍተው ካደረቁት በኋላ ያስገቡት። ሌንሱን በነጠላ ጫፍ ወይም በሶፍት አይጥረጉ፤ አስቀድመው አቧራውን በአየር መንፊያ አራግፈው በሌንስ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉት።

ዕቃው ሲደርስ ወደ ሱቄ ይዘውት ቢመጡ፣ የኮከቡንና የወረቀቱን ፈተና ከተማሪዎቹ ጋር ሆኜ ያለ ክፍያ አደርግላችኋለሁ።