ቆሮሶ (ቲላፒያ አሳ) በታህሳስ ትሉን ለምን አይበላም? የትኛው ወር ይሻላል?

ጠያቂ (ቱሉ ዲምቱ)
ሰላም ለሁላችሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረዘይት ሆራ ሐይቅ ወርጄ በመንጠቆ ቆሮሶ አጠምዳለሁ፣ ጥቅምት ላይ አሪፍ ነበር ታህሳስ ከገባ ወዲህ ግን ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ብቀመጥ ትሉን የሚነካው የለም። ብርዱ ነው? ውሃው ስንት ዲግሪ ሲሆን ነው የሚበላው? ገፈርሳስ ይሞከራል?

የሆራ ልጅ
ብርዱ ነው ወንድሜ። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ እንደ ጉድ ይበላል፣ ከ20 ሲወርድ ይቀንሳል፣ 16 አካባቢ ጭራሽ ይተዋል። እኛ ጋ እዛ ድረስ አይወርድም ግን ታህሳስና ጥር ሌሊቱ ጥርት ብሎ ስለሚበርድ ነፋሱም ስላለ ላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ይሰምጥና ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ይወጣል፣ አንዳንዴ አሳ ሞቶ የሚንሳፈፈው በዚህ ነው (ሰው መርዝ ተጨመረ ይላል)። ሞቶ ያገኘኸውን እንዳትለቅም። በጠዋት መሄድህንም ተው፣ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ያሞቀው፣ ነፋስ የማይመታው ዳር ላይ ጣል።

የቆቃ ተመላላሽ
ወር ካልክ የኔ ምርጫ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ነው። የቆቃ ሐይቅ ከደብረዘይት ዝቅ ስለሚል ይበልጥ ይሞቃል። ሐምሌና ነሐሴ ግን አዋሽ ጭቃ ይዞ ሲገባ ውሃው ይደፈርስና ቆሮሶ ትሉን አያየውም፣ ያኔ የሚያዘው አምባዛ አሳ ነው። አምባዛ በማሽተት ነው የሚመራው፣ ዝናብ ሲጀምር ማታ ማታ ውሃ ወዳጥለቀለቀው ሳር ይወጣል፣ የዶሮ አንጀት ታች ድረስ አውርድለት። ጉማሬና አዞ ስላለ ግን ብቻህን ማታ እንዳትሞክራት!

አቃቂ ሰፈር
ገፈርሳን እርሳው፣ የመጠጥ ውሃ ግድብ ነው፣ 2,600 ሜትር ላይ ስለሆነ ለቆሮሶም ይበርደዋል። አባ ሳሙኤል ግድብም ለኛ ቅርብ ነው ግን የአዲስ አበባ ፍሳሽ እዛ ነው የሚገባው፣ ከዛ የወጣ አሳ እኔ አልበላም።

ጠያቂ
ተባረኩ። ሙቀቱን በምን ልለካ፣ የትኩሳት መለኪያ ይሆናል?

የሆራ ልጅ
አይሆንም፣ እሱ 20ን አያነብም። የአኳሪየም ቴርሞሜትር በክር አስረህ አንድ ሜትር ያህል አውርደው፣ ጥቂት ደቂቃ አቆይተህ ቶሎ አንብብ፣ ላይ ላዩን ብቻ ከለካህ ፀሐይዋ ትሸውድሃለች። ውሃው ከ22 ሲያልፍ ዳር ላይ እንደ ሳህን የተቆፈረ ክብ ጉድጓድ ታያለህ፣ የወንዱ ጎጆ ነው። እዛ አካባቢ አፏ እንቁላል የሞላ ሴት ቆሮሶ ከያዝክ ልቀቃት።