«አውቀዋለሁ፤ ግን ትዝ አይለኝም» - ተማሪው ምን ማለቱ ነው?

ከስድስት ኪሎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ተጣብቄ ሦስት ቀን ሆነኝ። እባካችሁ አግዙኝ።

የድኅረ ምረቃ ጥናቴ ስለ ትውስታ ነው። ተማሪ ፈተና ላይ በትክክል ሲመልስ፣ መልሱ እንዴት እንደመጣለት እጠይቀዋለሁ። መነሻው ኤንድል ተልቪንግ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1985 (እ.ኤ.አ.) የለያቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ የተማርንበት ሰዓት ራሱ ተመልሶ ሲመጣ ነው። መምህሩ፣ ሰሌዳው፣ አጠገባችን የተቀመጠው ልጅ ሁሉ ይታየናል። ሁለተኛው ማወቅ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ዋና ከተማ መሆኗን ሁላችን እናውቃለን። መቼና የት እንደተማርነው ግን ማን ይነግረናል?

በ1997 (እ.ኤ.አ.) ማርቲን ኮንዌይና ባልደረቦቹ ይህን ወደ ዩኒቨርሲቲ ወሰዱት። የሥነ ልቦና ተማሪዎች ምርጫ ያለው ፈተና ተፈተኑ። ከእያንዳንዱ መልስ ጎን መልሱ እንዴት እንደመጣላቸው አመለከቱ። በገለጻ በሚሰጡት ኮርሶች ላይ፣ ከፍተኛ ውጤት ያመጡት በብዛት የተማሩበትን ሰዓት ጭምር የሚያስታውሱ ሆኑ። ቆይተው እንደገና ሲፈተኑ ግን ያ ቀንሶ ማወቁ በዛ። ሰዓቱ ይደበዝዛል፣ እውቀቱ ይቀራል።

ታዲያ መጠይቁን ወደ አማርኛ መለስኩና ለመጀመሪያው «ትዝ ይለኛል»፣ ለሁለተኛው «አውቀዋለሁ» አልኩ። ጥቂት ተማሪዎች ሞከሩልኝ። አንዱ ሁለቱንም ምርጫ ትቶ ከጥያቄው ጎን እንዲህ ጻፈ፦ «አውቀዋለሁ፤ ግን ትዝ አይለኝም።» ምን ማለቱ ነው?

የፒያሳው፦
እህቴ፣ ይሄማ ቀላል ነው። መልሱ አፉ ላይ ደርሶ ጠፍቶበታል። ሰው ስም ሲጠፋበት «ኧረ አውቀዋለሁ፣ ግን ትዝ አላለኝም» ይል የለ?

ከስድስት ኪሎ፦
እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግን መልሱን በትክክል መልሷል። የጻፈው ከመለሰ በኋላ ነው። ከጠፋበት እንዴት መለሰ?

ዘድጓ ቤት፦
ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ግን የቃሉን አባት እንወቅ። «ትዝ» የ«ተዘከረ» ቁራጭ ነው። ግእዙ ዘከረ፣ ተዘከረ ይላል። ዝክር ከዚያ ነው፣ ተዝካር ከዚያ ነው። አምስት ኪሎ ያለውን ሙዚየም አባቶቻችን ቤተ መዘክር ይሉት ነበር። ወመዘክርም እንዲሁ ነው። በ1936 ዓ.ም. ሲቋቋም «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ተባለ፤ ሕዝቡ የፊቱን ጥሎ የኋላውን ይዞ ቀረ። ቃላችን እንዲህ እየተቆረጠ ነው የሚኖር። «ተዘከረ»ም ተቆርጦ «ትዝ» ቀረ።

ሰዋስው ወዳድ፦
መሪጌታ፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። የወመዘክር ምሳሌ ግሩም ነው። ግን እዚያ የተጣለው ሙሉ ቃል ነው። እዚህ የሚጥሉት ሥረ ፊደል ነው። ከዘከረ «ከ» እና «ረ» ወድቀው «ዘ» ብቻዋን ስትቀር ሌላ ምሳሌ አለን? «ከ» በአንዳንድ አካባቢ ወደ «ኸ» ትላላለች፣ እሺ። «ረ»ን ማን ወሰዳት?

ለእኔ «ትዝ አለ» ከእነ ዝም አለ፣ ብቅ አለ፣ ቀስ አለ ወገን ነው። እነዚህ ቃላት «አለ»ን ተደግፈው የሚቆሙ ናቸው። ሁሉም ከግእዝ አባት ይፈለግላቸው ማለት አይቻልም።

ዘድጓ ቤት፦
እኔ ዘከረን ከመዝገበ ቃላት አልተማርኩትም። ከየኔታ እግር ሥር ነው የተማርኩት። በስቅለት «ተዘከረነ እግዚኦ በውስተ መንግሥትከ» ስንል፣ ወንበዴው ጌታን ስሜን አትርሳ ብቻ ነው ያለው? አይደለም። አስበኝ፣ ድረስልኝ፣ አብሬህ ልሁን ነው ያለው። ዘከረ ውስጥ ፍቅር አለ። ትዝም ውስጥ ፍቅር አለ። ለዚህ ነው አንድ ቤት ናቸው የምለው። ባዶ እውቀት ትዝ አይልም። ዘጠኝ ሲባዛ በስምንት ለማን ትዝ ብሎት ያውቃል?

የፒያሳው፦
እዚህ ላይ ከመሪጌታ ጋር ነኝ። ትዝታ ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ከአራቱ ሆድ የሚያባባው ትዝታ ነው። ለፈተና ወረቀት «ትዝ ይለኛል» ብለሽ ስትጽፊ ልጁ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ናፈቀኝ ያልሽው ይመስለዋል።

ሰዋስው ወዳድ፦
በትርጉሙ እስማማለሁ። ትርጉም መቀራረብ ግን ዝምድና አያስመሰክርም። ሰው ከጎረቤቱም ጋር ይመሳሰላል።

ዘድጓ ቤት፦
ጎረቤት አብሮ ሲኖር ይጋባል።

መምህርት፦
ዘግይቼ መጣሁ። ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ ጥያቄው የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሥሩን ለጊዜው እንተወውና ባለቤቱን እንይ። «አስታወስኩት» ስል ሠሪዋ እኔ ነኝ። ፈልጌ፣ ቆፍሬ አመጣሁት። «ትዝ አለኝ» ስል ግን ባለቤቱ ነገሩ ነው። እሱ መጣብኝ፤ እኔ ተቀባይ ነኝ። «ታወሰኝ»ም እንደዚያው ነው። አማርኛ የአእምሮን ሥራ በዚህ መንገድ መናገር ይወዳል። ገባኝ፣ ጠፋኝ፣ ገረመኝ፣ ታየኝ። ትምህርቱ ራሱ እግር አውጥቶ ይገባል፣ ይወጣል።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። መልሱ ጠፍቶበት ቢሆን «ጠፋኝ» ይል ነበር። ተማሪ ከፈተና ሲወጣ የሚለው እሱን ነው። «የማውቀው ጥያቄ ነበር፣ ጠፋኝ!» ይህ ልጅ «ጠፋኝ» አላለም። መልሱ አለ። ያልመጣለት ሰዓቱ ነው። ስለዚህ ለእኔ «አውቀዋለሁ፤ ግን ትዝ አይለኝም» ማለት «መልሱን ይዣለሁ፤ መቼና ከማን እንደያዝኩት ግን አይመጣልኝም» ነው። ተልቪንግ የለየውን ልዩነት ልጁ በአራት ቃል ጽፎልሻል! መጠይቁን ከአንቺ በላይ ገብቶታል።

ከስድስት ኪሎ፦
መምህርት፣ ይህን አንብቤ ከወንበሬ ተነሳሁ። ግን አንድ ነገር ያስፈራኛል። «አስታውሳለሁ» ብዬ ብቀይረውስ?

መምህርት፦
አይሆንም። «አስታውሰኝ» ሁለት ነው። አትርሳኝም ነው፣ ልብ አስደርገኝም ነው። ማታ ባሌን «መድኃኒቴን አስታውሰኝ» እለዋለሁ። ለመጠይቅ ሁለት መንገድ ያለው ቃል አደገኛ ነው።

የፒያሳው፦
እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ተማሪዎቻችን ትዝም አይላቸው፣ አያውቁም፣ ይሸመድዳሉ እንጂ። ሸምድጄ ገባሁ፣ ተፍቼው ወጣሁ ነው ወሬው። ይሄ ሽምደዳ ከየት መጣ? ከቄስ ትምህርት ቤት የወረስነው ነው የሚሉ አሉ።

ዘድጓ ቤት፦
ይህን የሚሉ ሰዎች ቄስ ትምህርት ቤት ደጅ አልደረሱም። ወንድሜ፣ ስሙን እንለይ። እኛ ዘንድ «በቃል መያዝ» ነው እንጂ ሽምደዳ የለም። ማታ ብርሃን ሲጠፋ የቃል ትምህርት ይጀመራል። መጽሐፍ አይታይም። ከየኔታ አፍ ትቀበላለህ። ከዚያ ቅጸላ አለ። የተቀበልከውን ሳታይ ትወጣዋለህ፤ ከሳትክ ትታረማለህ፤ ነገ እንደገና ትወጣዋለህ። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ውዳሴ ማርያምን ዛሬም ሌሊት ብትቀሰቅሰኝ እወጣዋለሁ።

መምህርት፦
መሪጌታ፣ እጅ ነሣሁ። እርስዎ ቅጸላ ያሉትን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ሙከራ አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጫጭር ጽሑፎች አነበቡ። አንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡት። ሌላውን ሳያዩ የቻሉትን ያህል ጻፉት። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ፤ 81 ከመቶ ለ75። ከአንድ ሳምንት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ሳያዩ የጻፉት 56፣ ደግመው ያነበቡት 42።

ተማሪዎቼ በፈተና ዋዜማ ማስታወሻቸውን በቀለም እያሰመሩ አሥር ጊዜ ያነባሉ። ሲያነቡት ያወቁት ይመስላቸዋል። ደብተሩን ዝጉና ንገሩኝ ስላቸው ቅር ይላቸዋል። ሽምደዳ የምለው ያንን ደግሞ ማንበብ ነው። ቅጸላ ተቃራኒው ነው። ሁለቱን አንድ ስም ሰጥተን የኖርነው በከንቱ ነው፤ እኔን ያንገበግበኛል።

ሰዋስው ወዳድ፦
«ሸመደደ» ራሱ ከየት መጣ የሚለውን ማንም አላነሳም። አራት ፊደል፣ የመጨረሻው የተደገመ። እንደ ደነገጠ ሳይሆን እንደ ጨመደደ...

መምህርት፦
ወንድሜ፣ «ጨመደደ»ን ተወውና የልጅቷን መጠይቅ እንጨርስላት።

ከስድስት ኪሎ፦
እየተከታተልኩ ነው። እንዲህ ብዬ ቀየርኩት። አንደኛው፦ «ስማረው የነበረው ሁኔታ ይታየኛል።» ሁለተኛው፦ «መልሱን አውቃለሁ፤ መቼና የት እንደተማርኩት ግን አይመጣልኝም።» ሦስተኛው፦ «አዲስ አልሆነብኝም፤ የማውቀው ይመስለኛል።» አራተኛው፦ «ገመትኩ።» «ትዝ»ን ከወረቀቱ አወጣኋት። ነገ አምስት ኪሎ ለሌሎች ተማሪዎች እሰጣለሁ።

የፒያሳው፦
«አይመጣልኝም» ጥሩ ነው። «ይታየኛል» ላይ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። የሰማ ሰውስ? መምህሩ ሲናገር በጆሮው ብቻ የቀረለትስ?

ዘድጓ ቤት፦
እውነቱን ነው። እኔ የየኔታ ድምፅ ነው የሚመጣብኝ። ፊታቸው ከጠፋኝ ቆይቷል። በየትኛው ላይ ምልክት ላድርግ?

ከስድስት ኪሎ፦
መሪጌታ፣ ይህን አላሰብኩበትም። «ይታየኛል ወይም ይሰማኛል» ልበል?

ሰዋስው ወዳድ፦
«ይሰማኛል» ካልሽማ አለቀ። መስማት ነው ወይስ ስሜት? ነይ ከመጀመሪያው እንጀምር።