መርፌ ወጋኝ! ዋርድ ላይ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

ሚጡ (ጠያቂ)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ተማሪ ነኝ፣ አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) ላይ፣ ናይት ገብቼ ነው። ኪድኒ ዲሽ (የዕቃ ሳህኑን) ሳነሳ ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ሥር የተተወ መርፌ አውራ ጣቴን ወጋኝ። ጓንቱን በስቶ ደም ወጥቷል። ለስታፏ ስነግራት «አልኮል አድርጊበት፣ ለማንም እንዳታወሪ፣ ኢንስትራክተርሽ ከሰማ ኢቫሉዌሽን ላይ ይይዝብሻል» አለችኝ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ደግሞ ለስታፍ እንጂ ለተማሪ አይሰጥም አይደል? ባትሪዬ እያለቀ ነው።

ነጭ ጋውን
መርፌን ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያው ሳጥን) የሚጨምረው የተጠቀመበት ሰው ራሱ ነው። ክዳን መልሶ መግጠም የለም። ዲሽ ላይ ጥሎ መሄድ የለም። ሳጥኑም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል። ይሄ እኮ ገና ስንጀምር የተማርነው ነው። የዘንድሮ ተማሪ ግን ዓይኑ ስልክ ላይ ነው።

አባ ቀልዱ
ብራዘር፣ ልጅቷ ተወጋች እንጂ ፈተና ላይ አይደለችም። ሚጡ፣ መውጋት ልትማሪ ሄደሽ መርፌው ቀደመሽ አይደል?

የናይት ተረኛ
ቀልዱ ይቆየን። ሚጡ፣ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ታጠቢ። አትጭመቂው፣ በረኪና አታስነኪው። ከዚያ ቀጥ ብለሽ ድንገተኛ ክፍል። ኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት) ክሊኒኩ በዚህ ሰዓት ዝግ ስለሚሆን ተረኛ ሐኪሙን አስጠሪ፣ «ፔፕ እፈልጋለሁ» በይ፣ ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰደው የኤችአይቪ መከላከያ ማለት ነው። ከ72 ሰዓት ካለፈ አይጀመርም። ግን ሦስት ቀን አለኝ ብለሽ እንዳታድሪ፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲጀመር ነው የሚሻለው። የሚወሰደው 28 ቀን ነው።

ቤቲ
በሳሙና ታጠቢ እህቴ፣ አይዞሽ።

ላብ ሰው
መርፌው የምን ነበር? የስፌት ነው የካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው)? ውስጡ ክፍት ከሆነ ደም ይይዛል። ከየትኛው ታካሚ እንደወጣ ካወቃችሁ ፈቃዱ ተጠይቆ ይመርመር። ኔጌቲቭ ከሆነ መድኃኒቱ ሊቆም ይችላል። ውጤት እስኪመጣ ብለሽ ግን አታዘግዪው።

ሚጡ
ታጥቤያለሁ። የካኑላ ነው መሰለኝ። አልጋ 6 ያለው ሰውዬ ይሆናል፣ ካርዱ ላይ ምንም የለም። ጤነኛ ነው የሚመስለው።

ሲስተር ነባሯ
«ጤነኛ ይመስላል» የሚባል ምርመራ የለም ልጄ። ለተማሪ አይሰጥም ያለሽስ ማነው? ፔፕ ለተጋለጠ ሰው ነው፣ መርፌው መታወቂያ አይጠይቅም። በመንግሥት ሆስፒታል ደግሞ በነፃ ነው። ሌላው፣ ሁላችሁም ኤችአይቪ ብቻ አወራችሁ። ቫይረሱ ካለበት ሰው በመርፌ የመተላለፍ ዕድሉ ከ1000 ጊዜ 3 ገደማ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው ከ100 ጊዜ እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። የክትባቱን 3ቱንም ዶዝ ወስደሻል? ካልወሰድሽ ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ተማሪን ሳያስከትቡ ዋርድ መላክ ሁሌ ያናድደኛል!

ዝም ባይ
ሪፖርት አድርጊ ማለት ቀላል ነው። እኛ ባች ውስጥ ያሳወቀች ልጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ ፕሮሲጀር አላስነኳትም፣ ቫይታል ሳይን (ግፊት፣ ትኩሳት) ስትለካ ነው የወጣችው።

ኢንስትራክተሩ
እኔ አስተማሪ ነኝ፣ በዚህ ነጥብ የሚቀንስ ካለ ጥፋቱ የሱ ነው። እውነቱን እናውራ ከተባለ ግን አብዛኞቻችን ብቅ የምንለው አልፎ አልፎ ነው፣ ናይት ላይ ደግሞ ጭራሽ አንታይም። ሚጡ፣ ሰዓቱን፣ ክፍሉንና የሆነውን በጽሑፍ አስመዝግቢ። ደምሽም ዛሬውኑ ይመርመር። ነገ አንድ ነገር ቢገኝ፣ ስትወጊ ነፃ እንደነበርሽ የሚያሳየው ይሄ ውጤት ነው። በ6ኛው ሳምንትና በ3ኛው ወር ይደገማል።

ነጭ ጋውን
እኔም እኮ ያልኩት ይሄንኑ ነው።

አባ ቀልዱ
አንተ ያልከው ስለ ሳጥን ነው።

የናይት ተረኛ
ሚጡ፣ ድንገተኛ ወረድሽ? የመጀመሪያውን ዶዝ ሰጡሽ?

ቤቲ
ስልኳ ጠፍቶ ይሆናል። በነገራችን ላይ ሎግ ቡኩ (የልምምድ መመዝገቢያው) ላይ ካቴተር (የሽንት ቱቦ ማስገባት) ያልሞላለት አለ? አርብ አስረክቡ ተብለናል፣ እኔ የቀረኝ እሱ ነው።